ሠራተኛን ማበርታት፦ ድሬዳዋ ላይ ሰው የሚያሠሩ ሁሉ የሚጠይቁት

ከከዚራ ካፌ እስከ ቀፊራ መጋዘን ድረስ ሰው ቀጥረው የሚያሠሩ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምረን ወደ ከባዱ እንሄዳለን።

የሠራተኛዬ ሞራል መውረዱን በምን አውቃለሁ?

ማርፈዱን ብቻ አትጠብቁ። ማርፈድ የሚመጣው ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ሰውየው ዝም ይላል። ድሮ "ወተቱ ሊያልቅ ነው፣ እንዘዝ እንዴ?" ይል የነበረ ልጅ አሁን ወተቱ ሲያልቅ ቆሞ ያያል። ሲጠየቅ "ማን ነገረኝ?" ይላል። የታዘዘውን ይሠራል፣ ያልታዘዘውን አያይም።

ሌላው ምልክት ጨዋታ ነው። የድሬ ልጅ ሥራ ቦታ ላይ መቀለድ ካቆመ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ስትገቡ ወሬው ተቋርጦ ስትወጡ የሚቀጥል ከሆነ ደግሞ ብዙ አትመራመሩ፣ ወሬው ስለ እናንተ ነው።

ሰው ሰነፍ ሆኖ ይወለዳል ወይስ እኛ ነን የምናሰንፈው?

ሰነፍ ሰው አለ፣ አንዋሽም። ግን እስኪ አዲስ የተቀጠረ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት እንዴት እንደሚሠራ አስታውሱ። ቀድሞ ይገባል፣ ያልተባለውን ይጠርጋል፣ ስም ለመያዝ ይጣጣራል። በአራተኛው ወር ያ ሰው የት ሄደ? አብዛኛውን ጊዜ ሠራተኛ ወኔውን ይዞ ነው የሚመጣው። ስለዚህ "ምን ልጨምርለት?" ከማለታችሁ በፊት "ምን ወሰድኩበት?" ብላችሁ ጠይቁ። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች አብዛኞቹ የሚነሱት ከዚሁ ነው።

ደሞዝ ብጨምር አይበቃም?

ኑሮ በዚህ ሁኔታ እየናረ "ገንዘብ ሁሉም ነገር አይደለም" የሚል አሠሪ ሠራተኛው ፊት ባይናገረው ይሻለዋል። ደሞዙ ቤት ኪራይና አስቤዛ የማይሸፍን ሰው ስለ ሌላ ነገር የማሰብ አቅም የለውም። መጀመሪያ እዚያ ጋ ድረሱ።

ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፍሬደሪክ ኸርዝበርግ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ መሐንዲሶችንና የሂሳብ ሠራተኞችን "ሥራችሁ ላይ በጣም ደስ ያላችሁ መቼ ነበር? በጣም የከፋችሁስ?" ብሎ ጠይቆ ነበር። የከፋቸው በአለቃ፣ በድርጅቱ አሠራር፣ በደሞዝ፣ በሥራ ቦታው ሁኔታ ነው። ደስ ያላቸው ግን አንድ ነገር ሠርተው ሲሳካላቸው፣ ሲመሰገኑና ኃላፊነት ሲሰጣቸው ነው። በሌላ አነጋገር የሚያስከፋው ሲወገድ ሰው ማማረር ያቆማል፣ ግን ያን ጊዜ ልቡን ለሥራው ሰጠ ማለት አይደለም። በጭማሪ ብቻ የተያዘ ሰው ጭማሪውን በሁለት ወር ይለምደዋል። እናንተ ግን በየወሩ እየከፈላችሁት ነው።

አሁን ደሞዝ የመጨመር አቅም የለኝም። ምን ላድርግ?

ያለውን ደሞዝ በቀኑ ክፈሉ። ቀላል ይመስላል፤ ግን ብዙ ቤት የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። ካሸሯ ዕቁብ አለባት እንበል። እሁድ መጣል አለባት፣ ዳኛው ሰበብ አይሰማም። ደሞዝ በ30 ይገባል ተብሎ በ4 ሲገባ ከጎረቤት ትበደራለች፣ ታፍራለች። ባለቤቱ በዚያው ሳምንት የመኪናውን ጎማ አራቱንም ቀይሯል፤ እሷም አይታለች። ስለ አራት ቀን መዘግየት ማንም ደፍሮ አይናገራችሁም። ግን ሰኞ ጠዋት ፊቷ ላይ ታነቡታላችሁ። በእርግጥ ብር ካጠረ ከቀኑ በፊት ተናገሩ። "እስከ ረቡዕ ታገሱኝ" ብሎ ረቡዕ የሚከፍል ሰው ይታመናል።

ሁለተኛው ማታ ወደ ቤት መግባት ነው። ካፌና ሬስቶራንት ያላችሁ ይሄን በደንብ ስሙ። ማታ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ተዘግቶ፣ ጠረጴዛ ተነስቶ፣ ወለል ታጥቦ የምትወጣ አስተናጋጅ ሳቢያን ለመግባት ኮንትራት ባጃጅ መያዝ አለባት። የዕለት ቲፗ እዚያው ላይ አለቀ። አንድ የምታምኑትን የባጃጅ ልጅ በወር ተነጋገሩና ሁሉንም በየሰፈራቸው ያድርስ። ለእናንተ ከጭማሪ ያነሰ ወጪ ነው፣ ለሷ ግን ደህንነቷም ጭምር ነው።

ሌላው ብድር ነው። መስከረም ላይ ደብተርና ዩኒፎርም አለ፣ ለኢድ የልጆች ልብስ አለ። በእነዚህ ጊዜያት ከደሞዝ ላይ በየወሩ የሚታሰብ ትንሽ ብድር መስጠት ሰውን ከአራጣ ያድናል። ብቻ ለአንዱ ሰጥታችሁ ለሌላው "የለም" አትበሉ። በማግስቱ ሁሉም ያውቀዋል።

ዕቃ ሲሰብሩ ወይም ሂሳብ ሲጎድል ከደሞዝ ብቆርጥ አይጠነቀቁም?

መጀመሪያ ሕጉን እንይ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሠራተኛ ደሞዝ ላይ ዝም ብሎ መቁረጥ አይፈቅድም። በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ካልሆነ፣ ወይም ሠራተኛው ራሱ በጽሑፍ ካልተስማማ አይቻልም። ሲቆረጥም በአንድ ጊዜ ከወር ደሞዙ ከሲሶው መብለጥ የለበትም።

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ። ብርጭቆ በሰበረ ቁጥር የሚቆረጥበት ልጅ ጥንቃቄ አይማርም። የሚማረው ስባሪውን መደበቅ ነው። ከዚያም አልፎ በእጁ አራት ብርጭቆ ይዞ የነበረው ሁለት ይዞ መመላለስ ይጀምራል፣ ደንበኛው ይጠብቃል። ብርጭቆ እንደሚሰበር አስቀድማችሁ በወር ወጪ ውስጥ ያዙት። የካሸር ጉድለት ግን ሌላ ነገር ነው። እሱን በየሺፍቱ ርክክብ፣ በፊርማ ጨርሱት እንጂ በወሩ መጨረሻ በግምት አይሆንም።

የወሩ ምርጥ ሠራተኛ፣ ቦነስ፣ ሽልማት ይሠራል?

ቦነስ ይሠራል፣ ስሌቱ ለሁሉም ግልጽ ከሆነ። የወሩ ምርጥ ሠራተኛ ግን ብዙ ቦታ ወደ ቀልድ ይለወጣል። ፎቶው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ በመጀመሪያው ወር ጎበዙ ይወስዳል፣ በሁለተኛው ሁለተኛው ይወስዳል፣ ከዚያ "የዚህ ወር ተረኛ ማን ነው?" ይባላል። ካፌያችሁ ውስጥ አምስት ሰው ብቻ ካለ ባትጀምሩት ይሻላል።

ሌላም ጉዳይ አለ። ኤድዋርድ ዴሲ የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ሙከራ፣ ተማሪዎች ወደውት ይሠሩት ለነበረ እንቆቅልሽ ገንዘብ ሲከፈላቸው፣ ክፍያው ሲቆም በራሳቸው ጊዜ እሱን የመንካት ፍላጎታቸው ቀነሰ። እናንተም ጋ ይሄ ይደርሳል። ደንበኛ ሲመጣ ከልቧ ፈገግ የምትል ልጅ ላይ "ለፈገግታ 200 ብር" ብትለጥፉ፣ ብሩ የቀረ ዕለት ፈገግታውም ይቀራል። ባልተጠበቀ ጊዜ፣ ለተወሰነ ሥራ የሚሰጥ ምስጋና ይሻላል። "ትናንት ያ የተናደደ ሰውዬ ሲጮህ ያስተናገድሽበት መንገድ ጥሩ ነበር" የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር "ጎበዝ ናችሁ፣ በርቱ" ከሚል ስብሰባ ይበልጣል።

ከምሳ በኋላ ሁሉም ነገር ይሞታል። ሙቀቱ ነው፣ ጫቱ ነው ወይስ ስንፍና?

ሦስቱንም አትቀላቅሉ። ሙቀቱ እውነት ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው፤ ሐረር 1,900 ሜትር አካባቢ። ሐረር ላይ የሚሠራ የሥራ ሰዓት እዚህ ቆላ ላይ አይሠራም። ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ በቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ስኳር ጫን የተባለ ሰው ቢለግም አትፍረዱበት። ጣሪያው ሥር ለአሥር ደቂቃ እናንተው ቁሙና እዩት።

ስለዚህ ሥራውን እንደ ሰዓቱ አደላድሉት። ጭነት፣ ቆጠራ፣ ሂሳብ መዝጋት፣ ጭንቅላትና ጉልበት የሚፈልገው ሁሉ ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ይለቅ። ሱቅ ከሆነ እኩለ ቀን ላይ ዘግቶ 9 ሰዓት ተኩል ላይ መክፈትና እስከ ማታ መሥራት ለድሬ ገበያም ይስማማል፤ በ8 ሰዓት ጸሐይ ማን ይገዛል? ሕጉ በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው የሚለው። ሰዓቱን ከፋፍላችሁ ብታሠሩ ድምሩን ጠብቁ። ቀዝቃዛ ውሃና የሚሠራ ፋን ደግሞ እንደ ቅንጦት አይታዩ።

ጫት ላይ መጥታችሁ "ከልክዬ ልገላገል" የምትሉ አላችሁ። በእረፍት ሰዓቱ ሰው ቤቱ የሚያደርገው የራሱ ነው። በሥራ ሰዓት አይቃምም፣ ከእረፍት በሰዓቱ ይገባል፣ መኪናና ማሽን የሚነዳ ሰው ቅሞ አይነዳም። ይሄን ጻፉት፣ ሲቀጠር ያንብበው። ከዚያ ዋናው ፈተና ይመጣል። ባለቤቱ ከኋላ ቢሮ ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር ፍራሽ ዘርግቶ በርጫ ላይ ከተቀመጠ ወረቀቱ ወረቀት ነው። ሠራተኛው ያንን በር አልፎ ነው ዕቃ የሚያወጣው።

ኦቨርታይም በምስጋና ማለፍ ይቻላል?

አይቻልም። በአዋጁ መሠረት ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት ከሆነ የሰዓቱ ደሞዝ በ1.5፣ ከማታ 4 እስከ ንጋት 12 በ1.75፣ በሳምንት የእረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል ቀን በ2.5 ይባዛል። "ቤተሰብ ነን እኮ" እያላችሁ በነፃ ያሠራችሁት ሰዓት በሌላ በኩል ይወጣል። ዓመት ፈቃድም ያው ነው። የመጀመሪያ ዓመት ሠራተኛ 16 የሥራ ቀን አለው፤ ሥራውን ሳይለቅ ፈቃዱን በገንዘብ ለውጦ መስጠት ክልክል ነው። ያረፈ ሰው ነው የሚሠራላችሁ።

ለቁልቢ ሁሉም ፈቃድ ይጠይቃል፣ እኔም ሰው የምፈልገው ያን ጊዜ ነው። እንዴት ላድርግ?

ይሄ የድሬ ጥያቄ ነው። ታኅሣሥ 19 ሲቃረብ ሆቴሉ ይሞላል፣ ባቡርና አውቶቡስ ሰው ያራግፋል፣ ካፌው ወንበር ያጣል። በዓመት ውስጥ ጥሩ ገበያ ከሚገኝባቸው ቀናት አንዱ ነው። በዚያው ቀን አስተናጋጇ ስለት አለባት፣ የወጥ ቤት ኃላፊው በእግሩ ሊሄድ ተስሏል። "ዘንድሮ አይሆንም" ብትሉት ቆሞ ይሠራል፤ ግን ልቡ ቁልቢ ነው፣ ቂሙም ለዓመት ይቆያል። ሐምሌ 19ም በትንሹ እንዲሁ ነው።

መፍትሔው ቀድሞ መነጋገር ነው። ኅዳር መጀመሪያ ላይ ወረቀት ለጥፉ፣ መሄድ የሚፈልግ ይጻፍ። ስለት ያለበት ይቀድማል፤ ባለፈው ዓመት የሄደ ለዘንድሮው ይተዋል። ሐምሌውን የሚመርጥም አይጠፋም። ድሬዳዋ ደግሞ አንድ ዕድል አላት፣ በአንድ ወጥ ቤት ውስጥ ክርስቲያንም ሙስሊምም አለ። ለቁልቢ ፋጡማ ትሸፍናለች፣ ለኢድ ማርታ ትሸፍናለች። ልጆቹ ራሳቸው ይሄን ሲያደርጉ ነው የኖሩት፣ ብዙ ቦታ አለቃው ሳያውቅ። የእናንተ ሥራ መበላለጥ እንዳይኖር ማየት ነው። አንዷ ሦስት ጊዜ ሸፍና ሌላዋ አንድ ጊዜ ከሆነ ልዩነቱ በእረፍት ቀን ይካካስ። ሐረር ላይ የምትሠሩ ሸዋል ኢድን በዚሁ መንገድ ያዙት፤ ከኢድ አልፈጥር በኋላ ባሉት ቀናት ጀጎል ውስጥ ማን ሥራ ገብቶ ይሠራል?

በረመዳን ደግሞ ሺፍቱን አስቡ። ጾመኛን ከሰዓት በኋላ ምድጃ ላይ አታቁሙ። ለማፍጠሪያ ተምርና ውሃ አዘጋጁ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ስጡ። በሁዳዴ ለሚጾሙትም የሠራተኛ ምግብ ፍስክ ብቻ አይሁን። እነዚህን የሚያስታውስ አሠሪ ላይ ሰው አይለግምም።

የድሬ ልጅን መቆጣት እንዴት ነው? ትንሽ ሲናገሩት ያኮርፋል።

እዚህ ከተማ ሰው ታላቁንም "አንተ" ይላል፣ አለቃውንም "አቦ!" ይለዋል። ይሄን እንደ ንቀት የሚቆጥሩ ከሌላ ቦታ የመጡ ማናጀሮች አሉ። ንቀት አይደለም፣ ቅርበት ነው። ማዕረግ እየጠራችሁ ስብሰባ ብታበዙ ማንም አይሰማችሁም። ጨዋታ ውስጥ ጣል ያደረጋችኋት ነገር ግን ትገባለች።

ደንበኛ ፊት መቆጣት ግን ክልክል ነው። ልጁ ያኮረፈው በጥፋቱ ስለተነገረው አይደለም፣ ቡና የሚጠጡት የሰፈሩ ልጆች ስላዩት ነው። ጥፋቱን ለብቻው፣ በዚያው ቀን፣ አጭር አድርጋችሁ ንገሩት። "ሁልጊዜ እንዲህ ነህ" አትበሉ። "ዛሬ ጠዋት 4 ቁጥር ጠረጴዛ ሃያ ደቂቃ ጠበቀ፣ ምን ሆነ?" በሉና መልሱን ስሙ። አንዳንዴ ጥፋቱ የማሽኑ ሆኖ ይገኛል።

የእህቴን ልጅ ሱፐርቫይዘር አድርጌያለሁ። ሌሎቹ ቅር አላቸው። ምን ችግር አለው?

ችግሩ ዘመድ መሆኑ ብቻ አይደለም። ቤተሰብ ቀጥሮ ማሠራት እዚህ ሀገር ያለ ነው። ችግሩ ሕጉ ለሷ ሲጣመም ነው። እሷ አርፍዳ ስትገባ ዝም ከተባለ፣ ሌላው አሥር ደቂቃ ሲያረፍድ ከተጻፈበት፣ የቀረው ሁሉ አበቃ። ስድስት ዓመት የሠራው ልጅ "እኔ እዚህ ቤት ምንም ብሠራ እዚያ አልደርስም" ብሎ ደምድሟል።

ከዘመዳችሁ ጋር ጠንከር በሉ፣ ያውም ሰው እያየ። ለሌሎቹ ደግሞ የሚደርሱበት ቦታ አሳዩ። ትንሽ ቤት ውስጥ ብዙ ሹመት የለም፣ ኃላፊነት ግን አለ። የስቶር ቁልፍ፣ የአቅራቢ ትዕዛዝ፣ አዲስ ሠራተኛ ማሠልጠን። ሰጥታችሁ ግን ከኋላ ቆማችሁ አትቆጣጠሩ፤ ጥቂት ብርም ጨምሩበት። ኃላፊነት ያለ ብር ከሆነ ሸክም ጨመራችሁ እንጂ አላሳደጋችሁም።

ጎበዟ ሠራተኛዬ ልትለቅ ነው። ደሞዟን አሳድጌ ላስቀራት?

ጅቡቲ ልትሄድ ከሆነ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ወይም በ2014 የተከፈተው ነፃ የንግድ ቀጠና ውስጥ የተሻለ አግኝታ ከሆነ፣ መጀመሪያ ለምን እንደምትሄድ ጠይቋት። ብር ከሆነና ከቻላችሁ ጨምሩ። ግን "እስከ ዛሬ ይሄን መክፈል ትችል ነበር ማለት ነው?" የሚለውን ጥያቄ ተዘጋጁበት፤ እሷ ባትጠይቅ የሥራ ባልደረቦቿ ይጠይቃሉ። የምትሄደው በአለቃዋ ምክንያት ከሆነ ብሩ ሁለት ወር ያቆያት ይሆናል፣ ከዚያ አያልፍም። ሴት ሠራተኞች ተከታትለው ከአንድ ሺፍት የሚለቁ ከሆነ ደግሞ የዚያን ሺፍት ኃላፊ ባህሪ አጣሩ፣ ምክንያቱን ፊት ለፊት ላይነግሯችሁ ይችላሉ። ፆታዊ ትንኮሳ በሕግም የተከለከለ ነው።

ከወሰነች በሰላም ሸኟት። የሙከራ ጊዜዋን የጨረሰች ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥታ መልቀቅ ትችላለች። ምን ትሠራ እንደነበር፣ ምን ያህል እንደቆየችና ምን ደሞዝ እንደነበራት የሚገልጽ የሥራ ልምድ ማስረጃ በነፃ መስጠት ግዴታችሁ ነው። ወረቀቱን ይዘው "ነገ ተመለሺ" የሚሉ አሠሪዎች ቀሪዎቹ ሠራተኞች እያዩ መሆኑን ይረሳሉ። ድሬ ትንሽ ከተማ ናት፤ ዛሬ የሸኛችኋት ልጅ ነገ ደንበኛ ትልክላችኋለች፣ ወይ ራሷ ትመለሳለች።

አንድ ሰው አለ፤ ምንም ባደርግለት ሁሉንም ያቀዘቅዝብኛል። ላባርረው?

መጀመሪያ የሚለው እውነት መሆኑን አጣሩ። ሁልጊዜ የሚያጉረመርመው ሰው አንዳንዴ ሌሎቹ የፈሩትን የሚናገር ብቸኛ ሰው ነው። "ውሃው ሦስት ቀን ጠፋ፣ በእጃችን ነው የምንቀዳው" ካለ ስለ ውሃው ተነጋገሩ፣ ስለ አነጋገሩ በኋላ። ቅሬታው ሲፈታ ዝም ካለ ችግሩ እሱ አልነበረም።

ተፈትቶም ከቀጠለ፣ ሥራውን ለሌላው እየጣለ፣ አዲስ የገባውን "ምን ያጣድፍሃል፣ ብሩ ያው ነው" እያለ የሚያሰንፍ ከሆነ፣ በስሜት ሳይሆን በሥርዓቱ ሂዱ። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ስጡት፣ የሚስተካከልበት ጊዜ ስጡት፣ ያንንም መዝግቡ። በሕጉ ያልተደገፈ ስንብት በኋላ የሥራ ክርክር ይዞ ይመጣል። ለሌሎቹ ስለሱ ማውራት አያስፈልግም፣ ከእናንተ በፊት ያውቁታል። ከሄደ በኋላ ግን የሱን ሥራ ለቀሩት ሦስቱ አከፋፍላችሁ ደሞዙን ለራሳችሁ አታስቀሩ። ምትክ እስኪመጣ ድረስ ከዚያው ደሞዝ ላይ አካፍሏቸው፣ መቼ ምትክ እንደሚመጣም ቀኑን ንገሯቸው።